በምዕራብ ህንድ የሚጠብቅ ወረቀትና የሚያደክም ወረቀት

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ወደ ህንድ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለጉብኝት ሄደው የተመለሱ ወገኖቻችን የሚያነሱት ቅሬታ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ አገሩ ብዙ የሚታይበት፣ ሕዝቡም ለእንግዳ ቅን ሆኖ ሳለ፣ ፎርሙና ማኅተሙ ግን ማለቂያ የለውም ይላሉ። በንግድ ሥራ ምክንያት በሙምባይና በአህመዳባድ መካከል የምመላለስ ሰው እንደመሆኔ ቅሬታውን አልክድም። የማልስማማው ሁሉም ወረቀት በአንድ ጆንያ ታጭቆ ሲኮነን ነው። በምዕራብ ህንድ ተጓዡ ከሚጠየቃቸው ፈቃዶች አንዳንዶቹ ባይኖሩ ኖሮ ሊያይ የሄደው ነገር ራሱ ባልተረፈ ነበር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለእንግዳውም ሆነ ለአገሩ ምን እንደሚጠቅሙ የሚያስፈጽሟቸው ሠራተኞች እንኳ ሊያስረዱ አይችሉም። ሁለቱን ለይቶ መናገር ተገቢ ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ከሚጠብቀው ልጀምር። በጉጃራት የሚገኘው የጊር ደንና ዙሪያው የእስያ አንበሳ በዱር የሚኖርበት ብቸኛ አካባቢ ነው። በአንድ ወቅት ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ሰሜን ህንድ ተሰራጭቶ ይኖር የነበረው ይህ አንበሳ በሌላው ቦታ ሁሉ በአደን ሲያልቅ፣ የአካባቢው ገዥዎች የነበሩት የጁናጋድ ናዋቦች ከለላ ባደረጉለት በዚህ ደን ብቻ ሊተርፍ ቻለ። ደኑ እ.ኤ.አ. በ1965 የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ ተከለለ፤ በ1975 ደግሞ እምብርቱ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በ2020 የነበሩት 674 አንበሶች በ2025ቱ ቆጠራ 891 ደርሰዋል።

ወደዚህ ደን መግቢያ ፈቃድ የሚወጣው አስቀድሞ በኢንተርኔት፣ በስምና በፓስፖርት ቁጥር፣ ለተወሰነ ቀንና ሰዓት ነው። በአንድ ዙር የሚገቡት መኪኖች ቁጥር የተገደበ ሲሆን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱም የሚወስነው ጎብኚው ሳይሆን የደን መሥሪያ ቤቱ ነው። የደኑ መግቢያ በሆነችው በሳሳን ጊር ገና ሳይነጋ መስኮቱ ፊት ተሰልፎ መታወቂያ ማሳየት፣ ከዚያም የተመደበውን አስጎብኚ መጠበቅ ለቸኮለ ሰው ያሰለቻል። ይሁን እንጂ ቅጠሉን ባራገፈው የቲክ ደን ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ጂፕ ላይ ተቀምጠን ስንጓዝ አጋዘኖች በድንገት ጮኹና አስጎብኚው በእጁ ምልክት ሰጥቶ ሞተሩን አስጠፋ። አንዲት እንስት አንበሳ ከመንገዱ ዳር ተጋድማለች፤ የእስያ አንበሳ መለያ የሆነው በሆድ ሥር የሚወርድ የቆዳ እጥፋት ከተቀመጥንበት ሆነን በግልጽ ይታየናል። ጥቂት ቆይቶ ማልዳሪ የሚባሉት የደኑ አርብቶ አደሮች ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ፣ ከዱላ በቀር ምንም ሳይይዝ፣ የቤት ጎሾቹን እየነዳ ከወዲያ ማዶ አለፈ። አንበሳዋ ቀና ብላ አየችውና መልሳ ራሷን አስተኛች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከኋላችን ጥሩምባ የሚነፋም ሆነ ቦታ ልቀቁ የሚል ሌላ መኪና አልመጣም፤ ይህንን ጸጥታ ያስገኘው ያ አሰልቺ ፈቃድ ነው። ለአርብቶ አደሩም ቢሆን ወረቀት ትርጉም አለው፤ አንበሳ ከብት ሲገድልበት መንግሥት ካሳ የሚከፍለው አደጋው ተመዝግቦ ሲረጋገጥ ነው።

ነገር ግን የጉጃራትን የዱር እንስሳት አስተዳደር እንዲሁ አሞግሼ ብተወው ሐሰት ይሆንብኛል። ዛሬ ከአንበሶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከተከለለው ደን ውጭ፣ በእርሻና በመንደር መካከል ይኖራሉ፤ አፋቸው ክፍት በሆነ የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ወድቀው የሚሞቱም አሉ። አንድ ወረርሽኝ ሁሉንም በአንድ ቦታ እንዳይጨርሳቸው በመስጋት፣ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የተወሰኑት አንበሶች በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ወደሚገኘው ኩኖ ፓርክ እንዲዛወሩ ቢወስንም፣ ጉጃራት አንበሶቿን ሳትሰጥ ዓመታት አለፉ። በ2018 በጊር ከ20 በላይ አንበሶች ሲያልቁ የውሾች በሽታ የሆነው የዲስተምፐር ቫይረስ በመካከላቸው ተገኘ። ኩኖ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከናሚቢያ በመጡ አቦ ሸማኔዎች መታወቅ ጀመረ። እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀት እንዲህ ያለው ነው፤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ታትሞ የማይንቀሳቀሰው።

በዚያው ደን ውስጥ ባኔጅ በምትባል ሥፍራ ያለው አሠራር ግን ሌላ ገጽታ ያሳያል። የህንድ ምርጫ ኮሚሽን ማንም መራጭ ድምፅ ለመስጠት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይጓዝ በሚያዘው መመሪያ መሠረት፣ በባኔጅ ቤተ መቅደስ ለሚኖር ለአንድ ካህን ብቻ የምርጫ ጣቢያ ያቋቁማል። አስመራጮቹ ከፖሊስ ጋር የድምፅ መስጫ መሣሪያቸውን ይዘው አንበሳ በሚያገሣበት ጫካ ገብተው ያድራሉ፣ አንዱን መራጭ ያስመርጣሉ፣ የተሳትፎው መጠንም መቶ በመቶ ተብሎ ይመዘገባል። አንዳንዶች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን ለአንድ ዜጋ ሲል ጫካ የሚገባ ቢሮክራሲ ለእንግዳም ጥቂት ሊጨነቅ ይችላል የሚል ተስፋ ስላሳደረብኝ እጠቅሰዋለሁ።

ስለዚህም ወደሚያደክመው ወረቀት ልለፍ። የቪዛው ማመልከቻ ሃይማኖትን፣ በሰውነት ላይ የሚታይን ምልክትና ባለፉት ዓመታት የተረገጡ አገሮችን ይጠይቃል፤ ወላጆችዎ ወይም አያቶችዎ ፓኪስታናዊ ነበሩ ወይ ይላል። ይህን ከታሪካቸው አንጻር ልረዳው እችላለሁ። ልረዳው ያልቻልኩት አገሩ ከገባን በኋላ የሚመጣውን ነው። ማንኛውም ማረፊያ የውጭ ዜጋ ሲያሳድር በተለምዶ ‹‹ፎርም ሲ›› የሚባለውን መግለጫ በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ በኢንተርኔት የመላክ ግዴታ አለበት። ሕጉ እንግዳን አትቀበሉ አይልም፤ ሆኖም በብዙ ትንንሽ ከተሞች ያሉ ማረፊያዎች በዚህ ሥርዓት ያልተመዘገቡ ወይም ጣጣውን የማይፈልጉ ስለሆኑ ክፍል እያላቸው የለንም ማለትን ይመርጣሉ። በአንድ ከተማ አመሻሽ ላይ የደረስኩበት ማረፊያ ጸሐፊ፣ ከጀርባው ሙሉ ረድፍ ቁልፍ ተንጠልጥሎ እየታየ፣ ፓስፖርቴን ገጽ በገጽ ገልጦ በትሕትና መለሰልኝና ሻይ ጋበዘኝ፤ ሻዩን ጠጥቼ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

የስልኩ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ታክሲ ለመጥራት፣ ገንዘብ ለመክፈል፣ አንዳንዴም የአውሮፕላን ጣቢያውን ነፃ ኢንተርኔት ለመጠቀም የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ህንድ ስልክ ይላካል፤ የህንድ ሲም ካርድ ለማውጣት ደግሞ ከፓስፖርት፣ ከቪዛና ከፎቶግራፍ በተጨማሪ ብዙ ጊዜ የህንድ ስልክ ያለው ሰው ይጠየቃል። ማን ይህን ክብ እንደነደፈው አላውቅም፤ ገና ከአውሮፕላን የወረደን ሰው ግን አላሰበውም። በዚህ ላይ ፎርሞቹ የቤተሰብ ስም አምጡ ሲሉ፣ የእኛ ሰው አንዱ ላይ የአባቱን፣ ሌላው ላይ የአያቱን ስም ይሞላና በባቡር ትኬቱና በፓስፖርቱ መካከል ልዩነት ተፈጥሮ ይጉላላል። መፍትሔው በየትኛውም ፎርም ላይ ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ቅደም ተከተል መሙላት ብቻ ነው። ለባቡር ግን አንድ በጎ ነገር አለ፤ ለውጭ አገር ጎብኚዎች የተለየ የመቀመጫ ኮታ ስላለ፣ በትላልቅ ጣቢያዎች ፓስፖርት ይዞ መስኮት የሚቀርብ ሰው በመደበኛው ሽያጭ የለም የተባለውን ቦታ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

የውጭ ዜጋ ከአገሬው ሰው ብዙ እጥፍ መክፈሉ ብዙዎችን ያስቆጣል። በማሃራሽትራ ግዛት ከዓለት የተፈለፈሉትን የኤሎራ ዋሻዎች ለማየት ህንዳዊው 40 ሩፒ ሲከፍል የውጭ ሰው 600 ይከፍላል። ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣውን የካይላሳን ቤተ መቅደስ ላየ ሰው ይህ ዋጋ አልበዛም፤ የአገሩ ገበሬ ልጆቹን ይዞ በ40 ሩፒ መግባቱም ደግ ነገር ነው።

ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ኩልዳባድ በምትባል ከተማ፣ ማንም ትኬት የማይጠይቅበት አንድ መቃብር አለ፤ የማሊክ አምባር። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በቀይ ባሕርና በባግዳድ በኩል ዴካን የሚባለው የደቡብ ህንድ አምባ የደረሰው ይህ ሰው የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴና የጦር አዛዥ ሆኖ እስከ ሞተበት 1626 ድረስ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጋሎች ጦር ሲገታ ኖሯል። ዛሬ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የምትባለውን፣ ቀድሞ አውራንጋባድ የነበረችውን ከተማ የቆረቆረውና ከምድር በታች ውኃ የሳበላት እሱ ነው። በአህመዳባድ መሐል ደግሞ ሲዲ ሰይድ የተባለ ሐበሻ በ1573 ገደማ ያሠራው መስጊድ አለ፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ዛፍ ከድንጋይ የተፈለፈለበት መስኮቱ የከተማዋ ምልክት ሆኗል። ለግብይት ከዚያ በየጊዜው የሚያርፉ ወገኖቻችን ከመስጊዱ አጠገብ በባጃጅ እያለፉ አለማየታቸው ያስቆጨኛል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጊር አጠገብ ጃምቡር መንደር የሚኖሩትን፣ ሲዲ የሚባሉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ህንዳውያን አይተው የሚመለሱ አንዳንድ ሰዎች የጠፉ ኢትዮጵያውያን አገኘን ብለው ያወራሉ። የአብዛኞቹ ሲዲዎች አያቶች ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከባንቱ ሕዝቦች የመጡ ናቸው፤ እነሱም ራሳቸውን የሚያዩት ጉጃራትኛ ተናጋሪ ህንዳውያን አድርገው ነው። ዳማል የሚሉትን ጭፈራ በከበሮ እየመቱ ሲያሳዩ ማድነቅ አንድ ነገር ነው፣ የሌለ ዝምድና መለጠፍ ሌላ። ከመካከላቸው የጃምቡሯ ሂራባይ ሎቢ በ2023 ከህንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀብላለች። የወረቀት ነገር እነሱንም ይነካቸዋል፤ የመንግሥት ልዩ ድጋፍ በሚያገኙ ጎሳዎች መዝገብ የገቡት ጊር በሚገኝበት በሳውራሽትራ አውራጃዎች የሚኖሩት ሲዲዎች ሲሆኑ፣ በሌላው የጉጃራት ክፍል የሚኖሩት ወንድሞቻቸው አልተካተቱም።

በጉጃራት ወደሚገኘው ካች የሚሄዱ ደግሞ ራን የሚባለውን ነጭ የጨው በረሃ ለማየት በመንገድ ላይ ባለ ኬላ የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ አቅርበው ፈቃድ ማውጣት እንዳለባቸው ይወቁ፤ አካባቢው የፓኪስታን ድንበር ስለሆነ ይህ ለክርክር አይቀርብም። በደቡቡ ትንሹ ራን የዱር አህያ መጠለያ ቁጥራቸው በ2024 ከ7,600 በላይ የሆነ የህንድ የዱር አህዮች ይጋልባሉ።

ጋዜጣችሁ የጉዞ ገጹን በሚያማምሩ ፎቶግራፎች ብቻ ከመሙላት ይልቅ እንዲህ ያሉትን መረጃዎች በየጊዜው ቢያወጣ ብዙ ሰው ከእንግልት ይድናል ብዬ አምናለሁ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከሌለው፣ ወይም ከተከተበ 10 ቀን ካልሞላው፣ ህንድ ሲደርስ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ እንደሚችል ሳይሰማ የሚነሣ አሁንም አለ። ጉጃራት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ መጠጥ የተከለከለባት ግዛት መሆኗንና የውጭ ጎብኚም ቢሆን ለጠርሙሱ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ሳያውቅ ከአየር መንገድ ሱቅ ውስኪ ገዝቶ የሚገባም እንዲሁ። ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ክረምት ጊርን ለማየት ለምታስቡ ቤተሰቦችም፣ ደኑ በዝናቡ ምክንያት ከሰኔ 9 እስከ ጥቅምት 5 ዝግ ነው። በእነዚያ ወራት የሚከፈተው በአጥር የተከለለው የዴቫሊያ ክፍል ሲሆን፣ እሱም ረቡዕ ረቡዕ ይዘጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ