ጉዳዩ፦ በክፉኛ የበሰበሰ ጥርስ ላይ አልይዝ ስላለው የሙሌት ማጣበቂያ ቅሬታ ስለማቅረብ

ለጥርስ ሕክምና ዕቃዎች አቅራቢ ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ከእናንተ የገዛሁትን ቦንዲንግ፣ ማለትም የሙሌት ማጣበቂያ፣ መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፉኛ በተበሉ የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ከሠራኋቸው ሙሌቶች አምስቱ ወልቀው ተመልሰውብኛል። አንዷ ታካሚ የወለቀውን በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ገልብጬ ሳየው ማጣበቂያው ከኮምፖዚቱ (ከሙሌቱ ቁስ) ጋር እንዳለ ነው፤ የለቀቀው ዴንቲኑን (የጥርሱን የውስጥ ክፍል) ነው። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ከሠራሁት ግን አንድም አልወለቀም።

ስልክ ደውዬ ስጠይቅ ባልደረባችሁ “ጥርሱን በደንብ አላደረቁት ይሆናል” ብሎ ዘጋው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው መልስ ነው። አሲድ ተቀብቶ የታጠበ ዴንቲን ላዩ ላይ ማዕድኑ ተሟጥጦ የኮላጅን (የፕሮቲን ክሮች) መረብ ብቻ ይቀረዋል። አየር ነፍተን ድርቅ ካደረግነው መረቡ ተኝቶ ይጣበቅና ማጣበቂያው የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል። እርጥበት መተው እንዳለበት የራሳችሁ መመሪያ ወረቀት ይናገራል። ባልደረባችሁ አላነበበውም ማለት ነው።

እጄን ከመጠርጠራችሁ በፊት የሠራሁትን ልንገራችሁ። ምራቅ እንዳይገባ ራበር ዳም (የላስቲክ መሸፈኛ) አስሬ፣ የጉድጓዱን ዙሪያ ጤናማ ጥርስ እስካገኝ አጽድቼ፣ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ኢናሜሉ (የጥርሱ የውጭ ሽፋን) ላይ 30 ሰከንድ፣ ዴንቲኑ ላይ ከ15 ሰከንድ ሳላሳልፍ ቀብቻለሁ። ቦንዲንጉን አሽቼ፣ ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም አየር ነፍቼ ነው የሚያጠነክረውን መብራት ያበራሁበት።

ዋናው ቅሬታዬ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ያተማችሁት የሜጋፓስካል ቁጥር፣ ማለትም የማጣበቅ ጥንካሬው ልክ፣ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል “በጤናማ የመንጋጋ ጥርስ ላይ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተለካ” ይላል። ጤናማ የመንጋጋ ጥርስ ያለው ሰው ሙሌት ፍለጋ እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? የላላውንና የተበከለውን ክፍል ፍቄ ካነሣሁ በኋላ፣ የጥርሱ ነርቭ እንዳይጋለጥ ብዬ የምተወው የውስጠኛው ዴንቲን ማዕድኑ የሳሳ፣ ውኃው የበዛ ነው። የዴንቲኑ ቀጫጭን ቱቦዎችም በማዕድን ቅንጣት ስለሚደፈኑ ሬዚኑ (ማጣበቂያው የተሠራበት ሙጫ) ሥር አይሰድም። ኮላጅኑን ዳር እስከ ዳር ሳያለብሰው ይቀራል፤ የተራቆተውን ደግሞ በዴንቲኑ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች በወራት ውስጥ ይበሉታል። በ24 ሰዓት የተለካ ቁጥር ይህን ሁሉ ከየት ያየዋል?

መመሪያችሁ ስለዚህ ዓይነት ዴንቲን አንድም ቃል የለውም። ኢንዛይሞቹን የሚገታው 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ፀረ ተሕዋስያን ከምርታችሁ ጋር ይስማማ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በበረኪና) የታጠበ ዴንቲን ላይ ሬዚን በወጉ እንደማይጠነክርም አልጻፋችሁም። እኔ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ወረቀታችሁን ብቻ የሚያምን ጀማሪ ግን ከየት ይወቀው?

በኢናሜል ላይ ምርታችሁ ጥሩ መሆኑን አልክድም። ጥልቅ ጉድጓድ ሲገጥመኝ ግን ለጊዜው ከሥር ከጥርሱ ካልሲየም ጋር የሚጣበቀውን ግላስ አዮኖመር የተባለ ሌላ የሙሌት ቁስ አድርጌ ኮምፖዚቱን ከላይ እየሠራሁ ነው።

ስለዚህ የበሰበሰ ዴንቲን ላይ ተለክቶ፣ ጊዜ ከቆየ በኋላም የታየ ውጤት ካላችሁ እንድትልኩልኝ፤ ከሌላችሁም የለንም ብላችሁ እንድትጽፉልኝ እጠይቃለሁ። የአምስቱን ሙሌት ድጋሚ ሥራ ያለ ክፍያ ስለሠራሁ የዕቃውን ወጪ እንድትተኩልኝ፣ የቀሩኝን ሁለት ጠርሙሶችም እንድትመረምሩልኝ እፈልጋለሁ። የምርት መለያ ቁጥራቸውን አያይዣለሁ። የወለቁትን ሙሌቶች በዕቃ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ባለሙያ ልካችሁ ገልብጣችሁ እዩዋቸው። መልሱን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ የሆንኩ የጥርስ ሐኪም