«ለማን አትሠሩም?» ብላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁ ላይ የዓይን ሌዘር ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ጻፍ ጻፍ ይለኛል። «በ10 ደቂቃ ከመነጽር ይገላገሉ» ይላል። አሥር ደቂቃው ውሸት አይደለም። እንዲያውም ሌዘሩ ራሱ ዓይን ላይ የሚቆየው በሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። የቀረው ከአሥሩ ደቂቃ በፊት ያለው ነገር ነው።

ሥራዬ ጣና ላይ ማስጎብኘት ነው። የመነጽሬ ቁጥር ማይነስ 7.5 ነው። ካለሱ እጄን ዘርግቼ የገዛ ጣቶቼን አጥርቼ አላያቸውም። ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ጀልባዋን እየመታ መነጽሬ ላይ ይረጫል፣ በሸሚዜ ስጠርገው ደግሞ ይብስበታል። አምና ከዘጌ ስንመለስ ገመድ ላነሣ ጎንበስ ስል መነጽሬ ውሃ ውስጥ ጥልቅ አለ። ቀና ስል ሰማዩም፣ ሐይቁም፣ እንግዶቹም አንድ ላይ ተደባልቀው ጠበቁኝ። ጀልባ ነጂያችን «ይሄኔ አንዱ ጉማሬ አድርጎት ይሆናል» ብሎ እንግዶቹን አሳቃቸው። እኔም ሳቅኩ። ግን ወደቡ ጋ እስክንደርስ ስለ ደሴቶቹ የማወራው የት የት እንዳሉ እየገመትኩ ነበር። ማታውኑ ሌዘር እሠራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የደወልኩበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) የመነጽር ወረቀትህን በቴሌግራም ላክ አለኝ። ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ይሠራልሃል፣ ቀብድ አስገባና ና፣ በዚያው ቀን ተሠርተህ ትወጣለህ» አሉኝ። ዓይኔን ማንም አላየውም እኮ! ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም። እኔ ግን ቸኩዬ ነበርና ብሩን ልልክ ትንሽ ነው የቀረኝ። ያስቆመችኝ እህቴ ናት፣ ነርስ ነች። «ኮንታክት ሌንስ ታደርጋለህ ወይ ብለው ጠየቁህ?» አለችኝ። አልጠየቁኝም። እንግዳ ሲበዛ ግን አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ቦታ ስልክ ያነሣችው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይሄንኑ ነው። ለስላሳው ሌንስ ከልኬቱ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል መውለቅ አለበት፣ ጠንካራው ከዚያም በላይ። የዓይንን ፊት ተጭኖ ቅርጹን ስለሚለውጠው ልኬቱን ያሳስታል። ባለፈው አንድ ዓመት ቁጥርህ ተቀይሯል ወይ ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ፣ የድሮ ወረቀት ካለህ ይዘህ ና አለች። የቀብድ ነገር አላነሣችም፤ የምርመራውን ዋጋ ብቻ ነገረችኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ምርመራው ግማሽ ቀን ፈጀ። አገጬን ማሽን ላይ አስደግፌ አትርገብገብ እየተባልኩ ቆየሁና የኮርኒያዬን፣ ማለትም የዓይኔን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ካርታ አሳዩኝ፣ ቀይ ቢጫ አረንጓዴ የተቀባ። ጠብታ አድርገውም የዓይኔን ጀርባ አዩት። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀት ስበው ሒሳቡን ሠሩልኝ። የብዙ ሰው ኮርኒያ መሐሉ ላይ ውፍረቱ 540 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሉት። የኔ 478 ወጣ። ላሲክ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ሲሠራ መጀመሪያ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ይቆረጣል፤ 120 ብለው ያዙት። ክዳኑ ይገለጥና ሌዘሩ ከሥሩ ይልጣል፣ ለኔ ቁጥር 105 ያህል። የሚተርፈው 253 ነው። ከ250 በታች ማስቀረት አይገባም፤ እሱም ቢሆን የመጨረሻው ወለል ነው። «ጫፍ ላይ ነህ» አሉኝ።

ፒ አር ኬ የሚባለው ሌላው የሌዘር ዓይነትስ ብዬ ጠየቅኩ። እሱ ክዳን የለውም፤ ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ይነሣል። ለቀናት ያማል፣ እይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ኮርኒያው ለሳሳ ሰው ግን የተሻለ ነው። ለኔ እሱንም እምቢ አሉ። ካርታው ላይ የግራ ዓይኔ ታችኛው በኩል ጎበጥ ብሏል። ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ አለ፣ ኮርኒያው እየሳሳ ወደፊት እየሾለ ይሄዳል፤ እሱ ያለበት ዓይን በሌዘር ከተላጠ ይብስበታል። «አለብህ አላልኩም፣ ሳላጣራ ግን አልነካህም» አሉ። ቀጥለው «ዓይንህን ታሻለህ?» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በተለይ በበጋ አቧራው ሲነሣ፣ በሁለት ጡጫ ነው የማሸው። እናቴ ተው ተው ስትል የኖረችው ለካ ወዳ አይደለም፤ ማሸቱ ራሱ ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው።

ከፍዬ «አይሆንም» ተብዬ ወጣሁ። ብሩ ግን አልቆጨኝም።

ስለዚህ ክሊኒክ የምትመርጡ ሰዎች ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ለማን አትሠሩም?» በሉ። ደህናው ቦታ ወዲያው ይዘረዝርላችኋል፦ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ፣ ቁጥሩ ላልረጋ፣ ዓይኑ ክፉኛ ለሚደርቅበት ሰው። «ለሁሉም እንሠራለን» ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት። የሚሠራው ሐኪም ራሱ ከሥራው በፊትም በኋላም የሚያያችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ለኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለበት። በማግሥቱ ትታያላችሁ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ፤ ሆቴሉንም ትኬቱንም ዋጋው ላይ ደምሩት። እዚህ ተመልሳችሁ ሌሊት ዓይናችሁ ቢቀላና ቢያማችሁ ለማን እንደምትደውሉ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የተሠራላችሁን የሚገልጽ ወረቀትም ተቀበሉ። ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ለሳምንታት ክልክል ነው። እንደኔ ጀልባ ላይ የሚውል ሰው ለጥምቀት ሰሞን ቀጠሮ ባይይዝ ይሻለዋል።

አጎቴ ይሄን ሰምቶ እኔም ልሠራ አለ። 52 ዓመቱ ነው፣ የሚቸግረው ጋዜጣችሁን ማንበብ ነው። የሱ የዕድሜ ነው፤ ሩቁን በላሲክ ያስተካከለም ቢሆን አርባን ሲያልፍ የንባብ መነጽር መያዙ አይቀርም። አንድ ሌላ ነገር፦ እንደኔ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ሌዘር ቢሠራም የዓይኑ ጀርባ እንደ በፊቱ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። ድንገት ብልጭታ ወይም እንደ ዝንብ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ከበዛበት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሮጥ አለበት።

ማስታወቂያውን አታውጡ አልልም፣ ጋዜጣም ገቢ ያስፈልገዋል። ግን ከጎኑ አንድ የዓይን ሐኪም ጋብዛችሁ ስለ ምርመራው ግማሽ ገጽ ብታጽፉ ምን አለበት?

የኔ ድጋሚ ልኬት ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ መነጽሬን በገመድ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ጀልባ ነጂያችን «ጉማሬዎቹ ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው» ይለኛል።

አንድ አስጎብኚ
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር