ስለ ባለቀለም ወረቀት ሽያጭና ስለ ልጆች የእጅ ሥራ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤
ጅማ

ልጆቻችሁ ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጋር ባለቀለም ወረቀት ደጋግመው መግዛታቸውን ያስተዋላችሁ ወላጆች፣ ወረቀቱ ለምን እንደሚውል ስለጠየቃችሁን ይህን ማብራሪያ ልከንላችኋል። ሥራውን የጀመረችው አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከወረቀት እንቁራሪት፣ ጀልባና ወፍ እያጠፈች ለክፍል ጓደኞቿ ትሸጣለች፤ እንቁራሪቷ የኋላ ጫፏን በጣት ጫን አድርገው ሲለቋት በእርግጥ ትዘላለች። ሌሎች ልጆችም እሷን አይተው ጀምረዋል፤ እኛም ሊደገፍ የሚገባው ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ልጆቹን የሚያከስራቸው በአብዛኛው የወረቀት ብክነት ነው። ለማጠፍ የሚፈለገው አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካሬ ወረቀት ሲሆን፣ የተለመደው ኤ4 ግን 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከአንዱ ወረቀት አንድ ትልቅ ካሬ ብቻ ቆርጦ የቀረውን የሚጥል ልጅ ከወረቀቱ ሩብ የሚበልጠውን ያጣል። በአግባቡ ከተቆረጠ ግን ከዚያው ወረቀት 10.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 4 ካሬዎች፣ ከቀሪውም 8.7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ትንንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ከእኛ ለተገዛ ወረቀት ተማሪዎችን የመቁረጫ ዋጋ አናስከፍልም። ውፍረቱንም በተመለከተ 80 ግራም የሚባለው (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝነው) ይበቃል፤ ከዚያ የወፈረው ያማረ ቢመስልም ደጋግሞ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። በጅማ ክረምት ወረቀት እርጥበት ስለሚስብና እጥፋቱ ስለሚላላ፣ ወረቀቱም ሆነ ያለቀው ሥራ አፉ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ከእንግዲህ ባለቀለም ወረቀት በደስጣ ብቻ ሳይሆን በነጠላም እንሸጣለን። መነሻ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ልጅ 500 ወረቀት እንዲገዛ መገደድ የለበትም።

ለልጆች በዱቤ ግን አንሸጥም። ይህን የምናደርገው ስለማናምናቸው አይደለም፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ፣ ወላጁ ሳያውቅ ባለዕዳ ልናደርገው አይገባም። የልጆቹን ሥራ ተረክበን እንድንሸጥላቸው የጠየቃችሁንም አመስግነን አልተቀበልነውም፤ ዋጋ መተመኑን፣ የተበላሸውን ከወጪ መቁጠሩን፣ ከገዢ ጋር መነጋገሩን ልጆቹ ራሳቸው ቢለማመዱት ይሻላል፤ እኛ መሐል ከገባን ይህ ሁሉ ይቀርባቸዋል።

ሽያጩ በትምህርት ሰዓት እንዳይሆን ልጆቻችሁን እንድትመክሩልን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመሸጣቸው በፊትም ስም ጠሪ መምህራቸውን እንዲያስፈቅዱ እንድታደርጉ በትሕትና እንጠይቃለን። ካሬ ወረቀት የምትፈልጉ ልጁ የሚሠራውን ዓይነት አስቀድማችሁ ብትነግሩን በልኩ ቆርጠን እናቆያለን።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ባለቤቶችና ሠራተኞች