የኢኮኖሚክስ ክበብ፦ ፓተንት በካርድ ሲገበያዩበት

የዘንድሮው የክበባችን ርዕስ የቴክኖሎጂ ፈቃድ ነበር። የፈጠራ ባለቤት ሌላ አምራች በፓተንቱ፣ ማለትም ሕግ ለእሱ ብቻ በሰጠው የፈጠራ መብት፣ እንዲሠራ ሲፈቅድ ስንት ያስከፍል? በምን መልክስ? ሰሌዳ ላይ ትርጓሜ ከመጻፌ በፊት ካርድ አድዬ ማገበያየት መርጫለሁ፤ ይህን ቅደም ተከተል ወደፊትም አልለውጠውም።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ገና ዋጋ ሳይነሳ ተጀመረ። ገዢዎቹ ዘዴውን ሳናይ አንከፍልም አሉ፤ ሻጮቹ ካያችሁትማ ለምን ትከፍላላችሁ ብለው ካርዳቸውን ደበቁ። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 የጻፈበትን እንቆቅልሽ ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። ከዚያ ወዲያ ፓተንት ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት አልደከምኩም።

ቀጥሎ የክፍያውን መልክ አየን። ለፈቃዱ አንዴ ቁርጥ ክፍያ የከፈሉ አምራቾች ዋጋ ሲያወርዱ፣ ሮያሊቲ፣ ማለትም በሚያመርቱት ዕቃ ልክ የፈቃድ ክፍያ፣ የሚከፍሉት አልደፈሩም፤ ሮያሊቲው የእያንዳንዱን ዕቃ ወጪ ይጨምራልና። የእንፋሎት ሞተር ያሻሻለው ጄምስ ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከቀድሞው የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር አንጻር ከተቆጠበው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲሶውን ይወስዱ እንደነበር ስነግራቸው፣ አንዷ ተማሪ ቁጠባውን ማን ይለካል አለች። ለዚሁ ሲሉ ሞተሩ ላይ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ይገጥሙ ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ግን የሁለቱ ፓተንቶች ነው። ዕቃውን ለመሥራት ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ይለያያሉ። አሥራ አንድ ገዢዎች ከ1 እስከ 11 ቁጥር ያለው ካርድ ያዙ፤ ቁጥሩ የሚከፍሉት ጣሪያ ነው። ባለፓተንቶቹ ሳይመካከሩ ሲተምኑ ሁለቱም 4 ላይ ረጉ፤ ድምሩ 8 ሆነ፣ አራት ሰው ገዛ፣ ለእያንዳንዱ ባለፓተንት 16 ደረሰው። ከዚያ ተመካክረው ለሁለቱም ፓተንቶች አንድ ዋጋ እንዲያወጡ ፈቀድኩ። 6 አሉ። ስድስት ሰው ገዛ፤ ድርሻቸው ወደ 18 ከፍ አለ። ዋጋ ረክሶ ሻጩም ገዢውም መጠቀማቸውን ክፍሉ አላመነም፤ ሒሳቡን ደጋግመው ሠሩት። ለየብቻ ሲተምኑም የተሳሳተ አልነበረም፦ አንዱ 4 ካለ፣ ሌላው 5 ቢልም 3 ቢልም የሚያገኘው 15 ነው። ፈረንሳዊው ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ይህንኑ ነሐስ ለመሥራት ሁለቱም በሚያስፈልጉት በመዳብና በዚንክ አሳይቶታል። የአሜሪካ የስፌት መኪና ባለፓተንቶችም እ.ኤ.አ. በ1856 ከክስ ጋጋታ የወጡት ፓተንቶቻቸውን በአንድ ቋት አዋህደው ነው።

ያልሞከርነው አንድ ነገር አለ፦ ፓተንቶቹ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሲሆን ምክክሩ ገዢውን ይጎዳል። ካርዶቹ ተዘጋጅተዋል፤ የመጪው ዓመት አባላት በዚያ ይጀምራሉ።