የባዮሎጂ ክበብ፦ ነጩ በቆሎ ላይ የተገኙት 41 ቢጫዎች

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። የመጀመሪያው ሴሚስተር በስብሰባ አለቀ፤ እሱን ልዝለለው። ሥራ የጀመርነው ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ስትፈቀድልን ነው።

መነሻችን እኔ ስለ ተክሎች መዳቀል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሠንጠረዥ ነበር። በአንድ በኩል "ጥቅም"፣ በሌላው "ጉዳት"። የአበባ ብናኝ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር ዘሩ ይለያያል፣ በሽታን የሚቋቋም የመገኘት ዕድሉም ይሰፋል። በሌላ በኩል ተክሉ የነፋስና የነፍሳት ጥገኛ ይሆናል፣ ብዙ ብናኝም ይባክናል። ተማሪዎች ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ይረሱታል። እስቲ ዘንድሮ በዓይናችን እንየው ተባባልን።

በዱባ ጀመርን። ወንዴና ሴቴ አበባው አንድ ሐረግ ላይ ለየብቻ ያብባሉ። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ የምትመስል እብጠት ስላላት ወዲያው ትለያለች። ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ ካልመጣች ጉድ ነው። 12 ሴቴ አበቦችን ሊፈነዱ ሲሉ ማታውኑ በአጎበር ቁራጭ ሸፈንናቸው። ልጆቹ "ሙሽሮቹ" አሏቸው። በማግስቱ ለ6ቱ ከሌላ ሐረግ ወንዴ አበባ ብናኝ ወስደን በቀለም ብሩሽ ቀባን። የቀሩት 6ቱ እንደተሸፈኑ ቆዩ። በሳምንት ውስጥ ያልተቀቡት ሁሉም ቢጫ ሆነው ረገፉ። ከተቀቡት 4ቱ ፍሬ ያዙ። ሁለቱ ያመለጡን የጠዋት ሰልፉ ረዝሞ አበቦቹ መጨማደድ ከጀመሩ በኋላ ስለደረስንባቸው ይመስለኛል። የዱባ አበባ ረፋዱ ላይ ይዘጋል፤ ሰልፍ አይጠብቅም።

በቆሎው ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ራሷ የመረጠችውን ነጭ ዘር ይዛ መጣች። ዓላማዋ ዘሩን ለቀጣዩ ዓመት ማቆየት ነው። ከእሷ መደብ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ወንዶቹ ቢጫ ዘሩ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

በቆሎው ደርሶ ስንሸለቅቅ ልጅቷ ዝም አለች። ነጩ ራስ ላይ ቢጫ ፍሬዎች እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብለውበታል። ቆጠረቻቸው፤ 41።

"ቲቸር፣ ዘሬን አበላሹብኝ።"

እያንዳንዱ የበቆሎ ፀጉር የሚያመራው ወደ አንድ ፍሬ ነው። ፀጉሩ ላይ የየትኛው ተክል ብናኝ እንዳረፈ ፍሬው ይመሰክራል፤ ቢጫው ነጩን ስለሚጫን በዚያው ወቅት ይታያል። ወንዶቹ "የኛ እኮ ንጹሕ ነው" ብለው ተንፈላሰሱ። እንዳትሸወዱ አልኳቸው። የነጩ ብናኝ የእነሱም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው ስለሸፈነው ነው። መልሰው ቢዘሩት ነጩ ብቅ ይላል።

መዳቀሉ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ጦፈ። ከወንዶቹ አንዱ ስለ ዳርዊን አንብቦ መጣ። ዳርዊን 11 ዓመት ተክሎችን ሲያዳቅል ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1876 አሳተመ፤ ከሌላ ተክል ጋር የተዳቀሉት በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ካዳቀሉት ይረዝሙና ይጠነክሩ ነበር። (ሰውዬው ራሱ የአጎቱን ልጅ ማግባቱን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።) ልጅቷ ግን አልተበገረችም። "እኔ ረጅም በቆሎ አልፈለግሁም፤ ነጭ ነው የፈለግሁት" አለች።

ፈረድኩላት። በሽታ ቢገባ ኖሮ ምናልባት ለወንዶቹ እፈርድ ነበር። ሠንጠረዤ ላይ "ለማን?" የሚል ዓምድ የለም፤ እስከ ዛሬ አስቤውም አላውቅ።

ንጹሕ የበቆሎ ዘር ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ርቀት 200 ሜትር ነው። የእኛ መሬት ከጫፍ ጫፍ ሠላሳም አይሞላም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ነጩን ቀድመን፣ ቢጫውን ከአራት ሳምንት በኋላ እንዘራለን፤ አንዱ ብናኙን ሲበትን የሌላው ፀጉር ገና እንዳይወጣ።

ባለ 41ዱ ራስ ቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ነቀዝ ጀምሮታልና ማየት የምትፈልጉ ቶሎ ኑ።