ለደንበኞቻችን፦ ፎቶው ሲደበዝዝ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌንሱ አይደለም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ሰፊ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ያላቸውን ፕራይም ሌንሶች (ዙም የማያደርጉትን) ብርሃን በሌለበት ስለመጠቀም

ከእኛ የተከራያችኋቸውን ባለ ኤፍ 1.4 እና ኤፍ 1.8 ሌንሶች ስትመልሱ «ፎቶው ደብዝዞ ወጣብኝ፤ ሌንሱ ተበላሽቷል» የምትሉን እየበዛችሁ መጥታችኋል። ቅሬታችሁን አናቃልለውም። የተመለሰውን ሌንስ ሁሉ ካሜራውን በትራይፖድ አቁመን እንፈትሻለን፤ አብዛኞቹ ምንም እንከን የለባቸውም። የሠርግን ምሽት እንደገና ማንሳት አይቻልምና፣ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ በዝርዝር ልንጽፍላችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ፣ እነዚህን ሌንሶች ለምሽት ሥራ የምንመክረው በምክንያት ነው። የኤፍ ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (በሚሊ ሜትር የሚነገረው መጠሪያው) ለአፐርቸሩ ወርድ ሲካፈል ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8 ወርዱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በኤፍ 1.4 ወደ 36 ይሰፋል። ወርዱ እጥፍ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። በዙም ሌንስ በኤፍ 2.8 እና በ1/60 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) ታነሱት የነበረውን ሰው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ሳትነኩ በ1/250 ሰከንድ ታነሱታላችሁ ማለት ነው። በ1/60 እጁን እያወራጨ የሚናገር ሰው እጁ ይደበዝዛል፤ በ1/250 ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ብሎ ይቀራል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ዙም ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ኤፍ 5.6 ነው፤ ከኤፍ 1.4 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 16 እጥፍ ይደርሳል።

የጸረ ንዝረት ቴክኖሎጂ ያለው ካሜራ ይህን አይተካም። እሱ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ድብዘዛው እንምጣ። አፐርቸሩ በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይሳሳል። በፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ በሆነበት) ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.4፣ አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው ስታነሱ ከፊትና ከኋላ ተደምሮ ያላችሁ ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይኑ ጥርት ካለ ጆሮው ይደበዝዛል። ርቀቱን ሁለት ሜትር ብታደርጉት ግን ጥልቀቱ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ አዲስ ሌንስ ከመከራየት ይበልጣል፤ ፍሬሙን በኋላ መቁረጥ ይቻላልና።

ከምትልኩልን ፎቶዎች ደጋግመን የምናየው ይህን ነው፦ መሃል ባለው ነጥብ ፎከስ አድርጎ፣ ከዚያ ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ ማንሳት። በኤፍ 5.6 ይህ ልማድ ጉዳት የለውም። በኤፍ 1.4 ግን ካሜራው ሲዞር ፎከስ ያረፈበት ቦታ አብሮ ይሸሻል፤ ዓይን ላይ ያደረጋችሁት ፎከስ ከኋላው ያለ ፀጉር ላይ ሄዶ ያርፋል። ካሜራችሁ ዓይንን ፈልጎ የሚከተል ፎከስ ካለው እሱን ክፈቱ፤ ከሌለው የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደ ዓይኑ ውሰዱት። የነጥቡን ምርጫ ለካሜራው ከተዋችሁለት ደግሞ ማይክሮፎኑን ወይም ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብርጭቆ ሊመርጥ ይችላል። ቆሞ የሚያነሳ ሰው ራሱም ሳያውቀው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ተከታታይ ፎከስ (ርቀቱ ሲለወጥ አብሮ የሚስተካከለውን) ተጠቅማችሁ ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ አንሱ።

በሁለት ረድፍ የቆመ ቡድን ስታነሱ ግን ኤፍ 1.4ን ተዉት። ወደ ኤፍ 4 ዝጉና አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ። ብዙዎቻችሁ አይኤስኦ 3200ን ትፈራላችሁ፤ እኛ ግን በዚህ ላይ አቋማችን ጽኑ ነው። ኖይዝን (አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ) በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል፤ በእንቅስቃሴ የተበላሸን ፊት ግን የሚመልሰው የለም።

«ኤፍ 1.8 ይበቃኛል ወይስ 1.4 ልውሰድ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ለአብዛኞቻችሁ 1.8 ይበቃል። ልዩነቱ የአንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ የሚሆንበት ደረጃ) ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ባለ 1.8ቱ ደግሞ በአብዛኛው ቀላልና ርካሽ ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ፣ ኤፒኤስ ሲ የሚባለው ካሜራ ያላችሁ 35 ሚሊ ሜትር ውሰዱ፤ በፉል ፍሬም 50 የሚሰጠውን እይታ ይሰጣችኋል።

ከአንድ ሌንስ ጋር ቆሞ ብርሃንን መጠበቅ የቆየ ሙያ ነው። በ1924 ጀርመን ውስጥ የወጣው ኤርማኖክስ የተባለ ካሜራ ኤፍ 2 ሌንስ ነበረው። ፎቶ ጋዜጠኛው ኤሪክ ሳሎሞን በ1920ዎቹ መጨረሻ ያንን ካሜራ ይዞ፣ ያለ ፍላሽ፣ ችሎትና የዲፕሎማቶችን ስብሰባ ያነሳ ነበር። ያነሳ የነበረውም በመስታወት ፕሌት ስለሆነ ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ የማንሳት ዕድል አልነበረውም፤ እናንተ ያንን ዕድል ተጠቀሙበት።

ሌላው፣ ርካሽ መከላከያ ፊልተር ሌንሱ ላይ ካለ ለምሽት ሥራ አውልቁት። የመብራት ነጸብራቅ በፎቶው ላይ እንደገና የሚታየው ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። የኤልኢዲ መብራት ሥር መስመር መስመር ያለ ፎቶ ከወጣባችሁም ኤሌክትሮኒክ ሹተሩን ትታችሁ ሜካኒካሉን ሞክሩ።

ከዚህ በኋላ ሌንስ ስትረከቡ በራሳችሁ ካሜራ ላይ ገጥመን፣ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተን አብረን እንፈትሻለን። ቅሬታ ሲኖራችሁ በመልእክት መተግበሪያ የተጨመቀውን ሳይሆን ዋናውን ፋይል ላኩልን፤ ሹተሩን፣ አፐርቸሩንና አይኤስኦውን የምናነበው ከእሱ ነው። ጉድለቱ የሌንሱ ሆኖ ከተገኘ የኪራዩን ገንዘብ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሌንስ ኪራይና ፍተሻ ክፍል