እማዬ፣ እግርሽን አሳዪኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ይመስገነው ደህና ነን። ዛሬ ሥራ የለም። እዚህ ፓናማ የእናቶች ቀን ዲሴምበር 8 ነው፣ ከማርያም በዓላቸው ጋር አንድ ላይ ያከብሩታል፣ አገሩ በሙሉ ዝግ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ኬክና አበባ ይዞ እናቱ ቤት ይሄዳል። ጎረቤቴ ሴትዮ ልጆቿ ቤቱን ሞልተውት ሳለ በረንዳ ላይ አገኘችኝና "ያንቺስ እናት ጋ ደወልሽ?" አለችኝ። ደውዬ ነበር። ጋሼ ነው ያነሳው። ተኝታለች አለኝ። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ነበርኩ፣ እናንተ ጋ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። አንቺ ደግሞ መቼ ነው ጸሎትሽን ሳትጨርሺ በሁለት ሰዓት የተኛሽው?

ስለዚህ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሲያነብልሽ እንዳይዘል፣ ሁሉንም ያንብብ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትልቋ ሐሳብ ሁሉ መርከብ ላይ ነው። እሑድ ሲሆን ሚራፍሎሬስ፣ የፓናማ ቦይ መርከብ ማሳለፊያው ጋ ውሰጂኝ ትለኛለች፣ ለቢሮዬ ቅርብ ነው፣ መርከቦቹ በቦዩ ሲያልፉ ቆማ ታያለች። ከፓስፊክ የመጣውን መርከብ ውሃ እየሞሉ ደረጃ በደረጃ 26 ሜትር ያህል ያነሡትና መሐል ላይ ያለው ሐይቅ ላይ ያወጡታል፣ በወዲያ በኩል ደግሞ መልሰው ያወርዱታል። ውሃው የዝናብ ውሃ ነው። በፈረንጆቹ 2023 ዝናብ ጠፍቶ ሐይቁ ሲጎድል የሚያልፉትን መርከቦች ቁጥር ቀነሱ፣ የቀሩት ባሕር ላይ ወረፋ ይዘው ቆሙ። እሷ አሁን ዝናብ ሲዘንብ "መርከቦቹ ደስ ብሏቸዋል" ትላለች። ትንሹ አንገቱ ሥር በሙቀት ሽፍ ብሎበት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል። እንጀራውን በሩዝ ዱቄት ነው የምጋግረው፣ እሱን ባትጠይቂኝ ይሻላል።

ስለ ሙቀቱ ጠይቀሽኝ ነበር። ካርታ ላይ ካየሽው አዲስ አበባና ፓናማ ሲቲ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም 9 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ። ልዩነቱ ከፍታው ነው። አንቺ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ደርበሽ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ባሕሩ አፍ ላይ ነኝ። ቀን ቀን 30 ዲግሪን ያልፋል፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ደግሞ ላብ አይደርቅም። የሰጠሽኝ የሐበሻ ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሻገተብኝ። ቢሮ ስገባ ኤሲው ሹራብ ያስለብሰኛል፣ ስወጣ ልብሴ ሰውነቴ ላይ ይጣበቃል። ለምዶብኛል።

አባዬ ቢኖር የሚስቅበት ነገር ልንገርሽ። እዚህ ጌሻ የሚባል ቡና አለ። የኛው ነው፣ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣ። ዘሩ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ከአገር ወጥቶ፣ በኬንያና በታንዛንያ አድርጎ፣ ከዚያ ኮስታ ሪካ ደርሶ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። ለብዙ ዓመት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በፈረንጆቹ 2004 ቦኬቴ ያለ አንድ እርሻ ለውድድር አቅርቦት ካሸነፈ ወዲህ ግን በጨረታ እንደ ወርቅ ይሸጣል። የአንዱን ስኒ ዋጋ ብነግርሽ ውሸታም ትይኛለሽ። ያውም ያለ ዕጣን፣ ያለ ቶና፣ በወረቀት አጥልለው። አባዬ ጅማ እያለ በጆንያ የሚልክልን ትዝ አለኝ።

አባዬን ካነሣሁ አይቀር ልናገረው። ቅሬታዬ አልወጣልኝም እማዬ። ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ፈተና ላይ ነኝ፣ እናንተ ቀብራችሁት ሠልስቱ ወጥቷል፣ አርባው ደርሷል። በስልክ "አባዬን አቅርቢልኝ" ስልሽ "ጠበል ሄዷል" አልሽኝ። ድምፅሽ እንኳ አልተሰበረም። እንዴት ቻልሽው? ከዚያ ቅዳሜ ማለዳ በር ተንኳኳ፣ ስከፍት ነጠላ ያዘቀዘቁ የቤተክርስቲያን ሰዎች፣ ግማሾቹን በመልክ እንኳ አላውቃቸውም። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ለኔ አስባችሁ ነው፣ ወጉም ነው፣ አውቃለሁ። ግን እናንተ ከሐዘን ስትወጡ እኔ ብቻዬን ገባሁበት። እናንተ አብራችሁ አለቀሳችሁ፣ እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር።

እዚህ ደግሞ የማውቀው ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። በማለዳ መጥቶ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ያ መንገድ እዚህ አይሠራም እማዬ።

አሁን ወደ እግርሽ። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ነጠላሽን ጣል አድርገሽበት ነበር። የእታለም ልጅ ስልኩን ስታዞረው ግን ፋሻውን አይቻለሁ። ስጠይቅሽ "እሾህ ወጋኝ" አልሽ። ይሄ እሾህ እስካሁን አልወጣም? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ ቢቆስልም አይሰማውም፣ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ችላ ከተባለ እስከ አጥንት ይዘልቃል። በባዶ እግርሽ ግቢ ውስጥም አትሂጂ። ቤተክርስቲያን ጫማ ስታወልቂ ካልሲ አድርጊ። ማታ ማታ መርገጫሽን ሰው ይይልሽ። ፍል ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው፣ ሙቀቱ ሳይሰማሽ ያቃጥልሻል። ጾሙንስ? የንስሐ አባትሽ "አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ይቅርብሽ" እንዳሉሽ ጋሼ ነግሮኛል፣ አንቺ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ መድኃኒቱን ትውጫለሽ። ስኳርሽ ወርዶ ደረጃው ላይ ብትወድቂስ? እመቤቴ ታውቃለች ትይኛለሽ። እሷማ ታውቃለች፣ እኔ ነኝ የማላውቀው።

እንቆርጠዋለን ብለውሻል? ጣት ነው? ከዚያ በላይ ነው? ምንም ቢሆን ካንቺ አፍ ልስማው።

ለገና ዕረፍት አለኝ፣ በኢስታንቡል በኩል ቲኬት እያየሁ ነው። ከበር እስከ በር መንገዱ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ በመጨረሻ ሰዓት "ድረሽ" ብትሉኝ አልደርስም። ቀዶ ጥገና ካለ ብቻዬን እመጣና አስታምምሻለሁ። ከሌለ ልጆቹን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ትልቋ አያቴን ልይ እያለች ነው። የሁለቱ ቲኬት የተለያየ ስለሆነ እስከ ዓርብ ማወቅ አለብኝ።

ጋሼ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክላት፣ ዶክተሩ የጻፈውን ወረቀት ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሣና በቴሌግራም ላክልኝ። ተደብቀህ አይደለም፣ እሷ እያየችህ።